የባሕር ጠረፍ ጨፌ፣ የወፍ ቅኝትና «ክረምት» የሚለው ቃል

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ሲነሣ ዘወትር እንደ ችግር የሚጠቀሰው የረቂቅ ፅንሰ ሐሳቦች ስያሜ ነው። በተግባር ግን ተርጓሚውን ከረቂቁ ይልቅ ግዙፉ የሚያስቸግርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በባዕዱ አገር ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው፣ በእኛ አገር ግን የሌለ፣ ወይም በሌላ መልክና በሌላ ወራት የሚገኝ ነገር ሲያጋጥም፣ መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠው አቻ ቃል ትክክል መስሎ አንባቢውን ወደ ስሕተት ይመራዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት ቃል ከማጣት የከፋ ነው፤ ቃል ያጣ ተርጓሚ ችግሩን ያውቀዋል፣ የተሳሳተ ቃል ያገኘ ግን ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋልና።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በአንድ ውሱን ርእስ አማካይነት እንመረምራለን። ርእሱም በአውሮጳ የብርድ ወራት ሰዎች በቡድን ሆነው በባሕር ጠረፍ ላይ ወፎችን ለማየት የሚያደርጉት የእግር ጉዞ ነው። ለአብነት የመረጥነው በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የኖርፎክ ጠረፍ ነው። ርእሱ ከኑሯችን የራቀ ቢመስልም ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። በኖርፎክ ጭቃ ላይ በታኅሣሥና በጥር ከሚታዩት ወፎች መካከል ጥቂት ያልሆኑ ዝርያዎች በእነዚያው ወራት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻም ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ ረገድ አንድ ቃል ሲሳሳት የሚጣመመው ስለ ሩቅ አገር ያለን ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ስለ ገዛ ሐይቆቻችን የምንጽፈውም ጭምር ነው።

1. ነገሩ ራሱ

ስያሜ ከመስጠት በፊት ነገሩን በተራው ማየት ይገባል። ኖርፎክ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ከሰሜን ባሕር የሚዋሰን አውራጃ ነው። በሰሜናዊው ጠረፍ፣ በባሕሩና በእርሻው መሬት መካከል፣ ዝቅ ያለ ሰፊ መስክ ተዘርግቶ ይታያል። መስኩ ጨው በሚችሉ ዕፀዋት የተሸፈነ፣ በጠመዝማዛ የውሃ ቦዮችም የተከፋፈለ ነው። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ከፍ እያለ በቦዮቹ ውስጥ ይገባል፤ ከፍተኛው ሙላት በሚደርስባቸው ቀኖች ደግሞ መስኩን ራሱን ይሸፍነዋል።

የመስኩ አፈጣጠር ለስያሜው ሥራ ጠቃሚ ስለ ሆነ ባጭሩ እንግለጸው። ባሕሩ ሲሸሽ የሚጋለጠው ራቁት ጭቃ ላይ በመጀመሪያ እንደ ሳሊኮርኒያ ያሉ ጥቃቅን ተክሎች ይበቅላሉ። ግንዶቻቸው የውሃውን ፍጥነት ስለሚቀንሱት ውሃው ያዘለው ደለል እዚያው ይዘቅጣል። ደለሉ በተከማቸ መጠን መሬቱ ከፍ ይላል፤ መሬቱ ከፍ ባለ መጠን በውሃ የሚሸፈንበት ጊዜ ያጥራል፤ በዚህ ጊዜ ሌሎች ዕፀዋት ይከተላሉ። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ በባሕሩ በኩል ዕፅ የሌለበት የጭቃ ሜዳ፣ በየብሱ በኩል ደግሞ ዕፅ የለበሰው መስክ። ወፎቹ ከጭቃው ትሎችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ሌሎች ባለዛጎል ፍጥረታትን ይለቅማሉ፤ ከመስኩም ቅጠልና ዘር ይመገባሉ።

ወፎቹ በብርድ ጊዜ ወደዚህ የሚመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተፈለፈሉባቸው የሰሜን አገሮች በበረዶ ሲሸፈኑ ምግብ ይጠፋል። የጠረፉ ጭቃ ግን ጨዋማ በመሆኑና የባሕር ውሃ በየቀኑ ስለሚያጥበው በቀላሉ አይረጋም። ብሬንት የተባለው ጥቁር ዝይ ከሳይቤሪያ፣ እግሩ ሮዝ የሆነው ዝይ ከአይስላንድና ከግሪንላንድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካኑቱስ የሚባለው ትንሽ የጭቃ ወፍ ደግሞ ከግሪንላንድና ከሰሜን ካናዳ ወደዚህ ይመጣሉ።

የቡድኑ ጉዞ በአንድ አስጎብኚ ይመራል። ተጓዦቹ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ወፍራም ልብስ ደርበው፣ የሩቅ ማያ መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ የባሕሩን ውሃ ለመከላከል በተሠራው የአፈር ግድብ ላይ ይሄዳሉ። ሰዓቱን የሚወስነው የሰዎቹ ፈቃድ ሳይሆን የባሕሩ ሙላትና የቀኑ ብርሃን ነው። በዚያ አገር በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቈጣጠር 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰዓትን ወደ እኛ አቈጣጠር የሚመልስ ተርጓሚ «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ጨለማ ወረደ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋልና፣ የቀኑን ማጠር አስቀድሞ መግለጽ ይኖርበታል።

2. ባሕር ዳር፣ ጠረፍ፣ ረግረግ፣ ጨፌ

የመጀመሪያው ችግር ቦታውን መሰየም ነው። በአማርኛ ባሕር የሚለው ቃል ውቅያኖስንም፣ የጨው ባሕርንም፣ እንደ ጣና ያለውን የጣፋጭ ውሃ ሐይቅም ያጠቃልላል። የባሕርን ወሰን ለመግለጽ «ባሕር ዳር» ማለት ለጆሮ የቀረበ ነው፤ ሆኖም ሐረጉ የታወቀ ከተማ ስም ሆኗል። «የባሕር ዳር ወፎች» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ ያለ ጥርጥር ስለ ጣና ወፎች የተጻፈ ነው ይላል። ስለዚህ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የባሕርንና የየብስን ወሰን «የባሕር ጠረፍ» ማለት፣ «ዳርቻ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለማንኛውም ውሃ፣ ለሐይቅም ለወንዝም ጭምር፣ መተው ይበጃል።

ሁለተኛው የመስኩ ስም ነው። ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት «ረግረግ» የሚለውን ቃል ነው። ረግረግ እግር ሲረግጠው የሚሰምጥ ለስላሳ መሬትን የሚያመለክት በመሆኑ ትኩረቱ በመሬቱ ጠባይ ላይ ነው። «ማጥ» እና «አረንቋ» ከዚህም ይልቅ መያዝንና መስመጥን ያጎላሉ፤ በምሳሌያዊ አነጋገርም መውጫ የሌለው ችግር ማለት ሆነዋል። «ጨፌ» ግን ውሃ የማይለየው፣ ሣር የለበሰ፣ ከብት ሊሰማራበት የሚችል መስክ ነው። በክፍል 1 እንደ ተመለከትነው የምንሰይመውን ነገር ከራቁቱ ጭቃ የሚለየው ዕፅ መልበሱ ነው። ይህን ልዩነት የሚይዘው ጨፌ ነውና እኛ ጨፌን እንመርጣለን። ዕፅ የሌለበት ክፍል «የጭቃ ሜዳ» ይባል፤ ረግረግ ደግሞ ለጠቅላላው ዓይነት መሬት ይቀመጥ።

ሦስተኛው ቅጽሉ ነው። «የጨው ጨፌ» ወይም «የጨው ረግረግ» ቢባል በአገራችን አንባቢ አእምሮ የሚመጣው የዳናክል ምድር፣ አሞሌ የሚቈረጥበት ነጭ ሜዳ ነው። ይህም ጨው የሚገኝበት እንጂ ዕፅ የሚበቅልበት ቦታ አይደለም። «ጨዋማ» ግን ጨው ያለበት፣ ጨው የቀመሰ ማለት እንጂ ከጨው የተሠራ ማለት አይደለም። ስለዚህ «ጨዋማ ጨፌ» ይሻላል።

የቅጽሉ አስፈላጊነት ከኖርፎክ ራሱ ይታያል። ክላይ በተባለው መንደር አጠገብ የሚገኘው ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1926 ለወፎች መጠበቂያነት ተገዝቶ፣ ይህንኑ ይዞ የሚያስተዳድር የአውራጃ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ፤ በብሪታንያም የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ማኅበር ነው። ሆኖም የክላይ መስክ አብዛኛው ክፍል በጠጠር ግርዶሽ ከባሕሩ የተከለለና ከብት የሚግጥበት የጣፋጭ ውሃ ጨፌ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ማርሽ ይላቸዋል። ተርጓሚው ቃሉን ባየ ቍጥር «ጨዋማ» የሚል ቅጽል ቢጨምር፣ ላሞች የሚግጡትን ሣር የባሕር ውሃ አጠጣው ማለት ነው።

3. ሙላት፣ ጕድለት፣ ማዕበል

የባሕር ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ከፍ ይላል፤ በመካከሉም ዝቅ ይላል። የሙላቱ ሰዓት ከቀን ወደ ቀን በ50 ደቂቃ ገደማ የሚዘገየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከኖርፎክ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የዋሽ ባሕረ ሰላጤ በከፍተኛው ሙላትና በዝቅተኛው ጕድለት መካከል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ይህን ክንዋኔ «ማዕበል» እያሉ መተርጐም ተለምዷል። ማዕበል ግን በነፋስ የሚነሣ፣ የሚያስፈራና ሥርዐት የሌለው የውሃ መናወጥ ነው፤ የባሕሩ ከፍ ዝቅ ማለት ግን ጸጥ ያለና በሰንጠረዥ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። «በ4 ሰዓት ማዕበል ስለሚኖር በ3 ሰዓት እንገናኝ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ከቤቱ ባይወጣ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ደጋው አገራችን ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም ማለት አይቻልም። ወንዝ «ሞላ»፣ ወንዝ «ጎደለ» እንላለን። ግሦቹ መጠንን እንጂ ቍጣን አይገልጹም፤ እርስ በርሳቸውም የተቃራኒነት ጥምር ናቸው። ስለዚህ «የባሕር ሙላት» እና «የባሕር ጕድለት» ማለት የቋንቋውን ሀብት በቦታው ማዋል ነው።

ማዕበል የሚለው ቃል ግን ከርእሱ ፈጽሞ የሚወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1953 ሌሊት ብርቱ ነፋስ ከከፍተኛ ሙላት ጋር ገጥሞ የሰሜን ባሕር ውሃ የእንግሊዝን ምሥራቃዊ ጠረፍ ጥሶ ገባ፤ በእንግሊዝ ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ተመሳሳይ የውሃ ግፊት ዳግመኛ ደርሷል። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ «የማዕበል ሙላት» የሚለው ስም ሁለቱን መነሻዎች፣ ነፋሱንና ሙላቱን፣ አጣምሮ ይገልጻል። የዕለቱን ሙላት ማዕበል ብለን ከሰየምን ግን አደጋው በመጣ ጊዜ ቃል አይኖረንም።

በዚህ ክፍል አንድ ወጥመድ እንጨምራለን። በሠርቀ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ማግሥት የሚደርሰውን ታላቁን ሙላት እንግሊዝኛው ስፕሪንግ ታይድ ይለዋል። ስፕሪንግ የሚለው ቃል እዚህ ላይ የወራትን ስም አያመለክትም፤ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ዓመቱን ሙሉ የሚደርስ ነገር ነው። «የጸደይ ሙላት» የሚለው ትርጉም ስለዚህ ስሕተት ነው። በሰዋስውና በሌሎች ሙያዎች የለመድናቸውን ቅጽሎች በመከተል «ዐቢይ ሙላት» እና «ንዑስ ሙላት» ማለት ይቻላል።

4. ጠባቂና ተመልካች

ወፎችን በማየት የሚደሰተውን ሰው ምን እንበለው? ቃል በቃል ከተሄደ የሚገኘው «ወፍ ጠባቂ» ነው። በገጠራችን ወፍ ጠባቂ ማለት ግን የታወቀ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያወነጨፈና ጅራፍ እያጮኸ፣ ወፍ ከእህል የሚያባርር። የኖርፎኩ ተጓዥ ግን ወፏ እንዳትበረግግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ነው። አንድ ስም ለሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ሊሰጥ አይገባም። በተጨማሪም ጠበቀ የሚለው ግሥ ከጉዳት መከላከልን ስለሚያመለክት፣ «የወፎች ጥበቃ» ማለት በሕግና በተቋም የሚካሄደውን እንክብካቤ እንዲገልጽ መተው አለበት።

ሰውየው «ወፍ ተመልካች» ቢባል ይበቃል። ድርጊቱን በሚመለከት ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ለደስታ ብቻ የሚደረገው «ወፍ መመልከት» ነው። ቦታን በሥርዐት እየተዘዋወሩ፣ ያዩትን ዝርያና ቍጥር እየመዘገቡ የሚያደርጉት ደግሞ «የወፍ ቅኝት» ሊባል ይችላል፤ ቃኘ የሚለው ግሥ ዞሮ መሰለልንና አስተውሎ ማየትን ይይዛልና። ቃሉ በዜማ ሙያ ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ እንቅፋት አይሆንም፤ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው።

ተመልካቹ ተሸሽጎ የሚያይበትን ቤት «ማድፈጫ» ማለት አዳኝን ወይም ወታደርን ያስታውሳል፤ «የመመልከቻ ጎጆ» ይሻላል። ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ የተሠራው ዓይነት ግን «ማማ» ነው። ወፍ ጠባቂውን ብንተውም ማማውን መተው አያስፈልግም፤ ነገሩ አንድ ነውና።

የወፎቹን ዝርዝር ስም በተመለከተ እዚህ ልንጨርሰው የማንችል ሰፊ ሥራ አለ። ዝይና ዳክዬ የታወቁ ናቸው፤ «የወፍ መንጋ» ማለትም የተለመደ ስለ ሆነ አዲስ ቃል አይሻም። በጭቃና በውሃ ዳር እየተመላለሱ የሚለቅሙትን፣ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ዌደር የሚባሉትን፣ «የዳርቻ ወፎች» እንላቸዋለን። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግን ይኸው ስም ሽመላንና መሰሎቹን ስለሚያመለክት፣ ተርጓሚው ጽሑፉ ከየትኛው አገር እንደ መጣ ማረጋገጥ አለበት። ከዳርቻ ወፎች መካከል ሁለቱን ለመነሻ ያህል ብንሰይም፣ ቀይ እግር ያለውን «እግረ ቀይ»፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠውን ደግሞ «ባለማጭድ ምንቃር» ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ኖት የተባለውን ካኑቱስን ግን «ቋጠሮ» ብሎ መተርጐም የሚያሳስት ነው፤ የድምፅ መመሳሰል እንጂ የትርጉም ግንኙነት የለምና።

5. ማደሪያ፣ መዋያ፣ ማረፊያ

እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ የተሟላ ሆኖ እናገኘዋለን። እንግሊዝኛው ሩስት በሚለው አንድ ቃል ወፎች ተሰብስበው የሚያርፉበትን ቦታ ሁሉ ይጠራል። በኖርፎክ ግን ሁለት የተለያዩ ክንዋኔዎች አሉ። ዝዮቹ ቀን በእርሻ ላይ የስኳር ድንች መሰል ሥር ከተነቀለ በኋላ የቀረውን ቅጠልና ቅሪት ሲመገቡ ውለው፣ ሲመሽ ወደ ጭቃው ሜዳ ተመልሰው ያድራሉ። የዳርቻ ወፎች ግን የዕረፍት ሰዓታቸው በፀሐይ አይወሰንም። ሙላት መጥቶ ጭቃውን ሲሸፍነው ምግባቸው ስለሚዘጋ፣ እኩለ ቀንም ቢሆን በብዙ ሺህ ሆነው ተነሥተው ወደ ከፍተኛ ቦታ ይሄዳሉ። በዋሽ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስኔቲሻም በተባለው ሥፍራ በዐቢይ ሙላት ቀን የሚታየው ይኸው ነው።

አማርኛ ሌሊትን ማሳለፍን በአደረ፣ ቀንን ማሳለፍን በዋለ ይለያል። ለዝዮቹ «ማደሪያ» ትክክል ነው። የእኩለ ቀኑን ዕረፍት ማደሪያ ማለት ግን ከቋንቋው ባሕርይ ጋር ይጋጫል። «መዋያ» ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚቈዩበትን ያመለክታል እንጂ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ቈይታን አይገልጽም። ስለዚህ «የሙላት ማረፊያ» እንድንል እንመክራለን። ተርጓሚው ሩስት የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ ሊጠይቅ የሚገባው «ወፎቹ እዚያ ያድራሉን? ወይስ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ?» ብሎ ነው።

6. ክረምት፣ ከረመ፣ ባጀ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። እንግሊዝኛው ዊንተር የሚለውን ወቅት በአማርኛ «ክረምት» ማለት በሥነ ጽሑፍ ትርጉም የቈየ ልማድ ነው። ልማዱ ያለ ምክንያት አልተነሣም፤ ሁለቱም ሰው ወደ ቤቱ የሚሰበሰብባቸው፣ ሰማዩ የሚጠቍርባቸው፣ ብርድ የሚሰማባቸው ወራት ናቸው። ነገር ግን በዘመን አቈጣጠራችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚደርስ የዝናም ወቅት ነው። የአውሮጳው ዊንተር ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይይዛል። ሁለቱ አንድም ወር አይጋሩም።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ሌላ ልማድ አለ። በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ከሐምሌ ጀምሮ የሚሰጠውን፣ በእንግሊዝኛ በሰመር የተሰየመውን ትምህርት «የክረምት ትምህርት» እንለዋለን። ይህ ከወራቱ አንጻር ፍጹም ትክክል ነው። ውጤቱ ግን አንድ የአማርኛ ቃል በልብ ወለድ ትርጉም ለዊንተር፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ለሰመር፣ ማለትም ለሁለት ተቃራኒዎች፣ አቻ ሆኖ መገኘቱ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይደርሱበታል፤ በዚያ አገር ዝናሙም ብርዱም በእነዚያው ከኅዳር በኋላ ባሉት ወራት ስለሚመጣ «ክረምት» ማለት ለዝናሙ ይስማማል፣ ለወራቱ ግን አይስማማም።

በልብ ወለድ መጽሐፍ ይህ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በወፎች ቈጠራ ግን ጉዳቱ ተጨባጭ ነው። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቈጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር ወር ሲካሄድ የቈየ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የዊንተር አጋማሽ ቈጠራ እየተባለ ይጠራል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በውሃ ወፎች ቈጠራ ሲሳተፍ ቈይቷል። እንግዲህ መመሪያው «የክረምት አጋማሽ ቈጠራ» ተብሎ ቢተረጐም፣ በቅን ልብ የሚያነብ ቈጣሪ መነጽሩን ይዞ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ አብያታ የሚወርደው በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከሰሜን የሚመጡት ወፎች አብዛኞቹ በመራቢያ አገራቸው ናቸው። የመዝገቡ ባዶነት የወፎች መጥፋት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የተርጓሚው ነው።

ታዲያ ምን ይባል? «በጋ» ከወራቱ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን በኖርፎክ ውርጭ መካከል ፀሐይንና ድርቅን ያመጣል። «የፈረንጅ ክረምት» በንግግር የሚሠራ ቢሆንም ለሳይንሳዊ ጽሑፍ የሚገባ አይደለም፤ የወቅቱን ጠባይ ሳይሆን የሰዎችን ዘር ይጠቅሳልና። «ቍር» የሚለው ግእዛዊ ቃል አጭርና የሚያምር ቢሆንም ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነው። እኛ የምንመክረው «የብርድ ወራት» የሚለውን ግልጽ ሐረግ ነው፤ ዕለቱና ወሩ ወሳኝ በሚሆንበት ጽሑፍ፣ በተለይም በመመሪያና በሰንጠረዥ፣ የወሩን ስም መጻፍ ግዴታ ይሁን።

ስሙን እንዲህ ከወሰንን በኋላ ግሡ ይቀራል፤ እዚህም ላይ ቋንቋችን ያልተጠበቀ ርዳታ ይሰጠናል። አማርኛ ጊዜን ማሳለፍን የሚገልጹ የግሥ ዘሮች አሉት፤ ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ፣ ባጀ። ከረመ በመሠረቱ ክረምትን ማሳለፍ ነው። ሆኖም ትርጉሙ ሰፍቶ ማንኛውንም የወራት ቈይታ ይገልጻል፤ በጥር የተገናኙ ሰዎች «እንዴት ከረሙ?» ቢባባሉ የሚያስገርም አይደለም። ባጀ ግን በጋን ማሳለፍ ከሚለው ትርጉሙ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ «ዝዮቹ በኖርፎክ ጠረፍ ይከርማሉ» ብንል አንባቢው ለወራት ይቈያሉ ብሎ ይረዳል እንጂ ዝናም አያስብም። ስሙ የሚያሳስተውን ያህል ግሡ አያሳስትም። ወደ እኛ ሐይቆች የሚመጣው እግረ ቀይ ደግሞ በእውነት «ይባጃል»፤ የሚያሳልፈው የእኛን በጋ ነውና።

አንድ ዝርያ በአንድ አገር «ከራሚ»፣ በሌላው «ባጂ» መባሉ ተቃውሞ ሊያስነሣ ይችላል። ስያሜው ግን የወፉን ማንነት ሳይሆን ከቦታው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገልጽ ነው። ብዙ አገሮችን በአንድነት የሚይዝ ሰንጠረዥ ሲዘጋጅ ከሁለቱም ይልቅ «የመራቢያ ወራት» እና «የመቈያ ወራት» የሚለው ጥምር ቢሠራበት ይመረጣል፤ የወፍ ሊቃውንትም ዛሬ የወቅት ስሞችን ትተው ከመራባት ጋር የተያያዘውን አከፋፈል ይበልጥ ይጠቀማሉ።

7. ስደተኛ ወይስ ተመላላሽ

በመጨረሻ ከአገር አገር የሚጓዘውን ወፍ አጠራር እንመልከት። «ስደተኛ ወፍ» የሚለው ተሰምቷል። ስደት ግን ተገዶ ከአገር መውጣት ነው፤ መመለስም በስደተኛው እጅ አይደለም። ወፏ ግን ሁለት አገር አላት፤ በሁለቱም ወራቷን ታውቃለች። ፈለሰ ከሚለው ግሥ «ፍልሰት» የሚለው ስም በሳይንስ ጽሑፍ ተለምዷል፤ ለጠቅላላው ክንዋኔ ቢቀመጥ መልካም ነው። ከዚሁ ሥር የአድራጊ ስም ሲወጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ቤተ እስራኤል ለረጅም ዘመን ሳይወዱ የተጠሩበት፣ የሚያዋርድ ስም ከዚሁ ሥር የወጣ በመሆኑ፣ ድምፁ የሚቀርበውን ቅርጽ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ማስፈር አይገባም። እኛ «ተመላላሽ ወፍ» የሚለውን እናቀርባለን። ቃሉ በሕክምናና በትምህርት የታወቀ ነው፤ መሄድንና መመለስን በአንድነት ይይዛል፤ የተመላላሽነቱም ሥርዐት ያለው መሆኑን ያመለክታል።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ የተብራሩት ለአስተያየት ይመች ዘንድ በሚከተለው መልክ ተጠቃለዋል።

የባሕር ጠረፍ፦ ባሕርና የብስ የሚዋሰኑበት ሥፍራ።
ዳርቻ፦ የማንኛውም ውሃ ወሰን።
ጨዋማ ጨፌ፦ በባሕር ሙላት አልፎ አልፎ የሚሸፈን፣ ጨው በሚችሉ ዕፀዋት የለበሰ የጠረፍ መስክ።
የጭቃ ሜዳ፦ በባሕር ጕድለት የሚጋለጥ፣ ዕፅ የሌለበት መሬት።
የባሕር ሙላት፣ የባሕር ጕድለት፦ በስበት ምክንያት የባሕር ውሃ በየጊዜው ከፍና ዝቅ ማለት።
ዐቢይ ሙላት፣ ንዑስ ሙላት፦ በጨረቃ ሁኔታ መሠረት ከፍተኛውና አነስተኛው ሙላት።
የማዕበል ሙላት፦ ነፋስ ከሙላት ጋር ገጥሞ የሚያስከትለው የባሕር ውሃ ግፊት።
ወፍ ተመልካች፦ ወፎችን ለደስታ ወይም ለዕውቀት የሚያይ ሰው።
የወፍ ቅኝት፦ ዝርያንና ቍጥርን እየመዘገቡ በሥርዐት የሚደረግ ምልከታ።
የዳርቻ ወፎች፦ በጭቃና በውሃ ዳርቻ እየተመላለሱ የሚለቅሙ ወፎች።
ማደሪያ፦ ወፎች ሌሊቱን የሚያሳልፉበት ሥፍራ።
የሙላት ማረፊያ፦ ሙላት እስኪጎድል ወፎች ተሰብስበው የሚቈዩበት ሥፍራ።
የብርድ ወራት፦ በሰሜኑ የምድር ክፍል ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ወቅት።
ከራሚ ወፍ፦ የብርድ ወራትን በአንድ ሥፍራ የሚያሳልፍ ወፍ።
ባጂ ወፍ፦ በጋን በአገራችን የሚያሳልፍ ተመላላሽ ወፍ።
ተመላላሽ ወፍ፦ በመራቢያና በመቈያ አገሩ መካከል በየዓመቱ የሚጓዝ ወፍ።

ከእነዚህ ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ የተፈጠሩ አለመሆናቸውን አንባቢ ያስተውላል። ጨፌ፣ ሙላት፣ ማማ፣ ከረመ፣ ባጀ ገበሬው በየዕለቱ የሚናገራቸው ናቸው። የስያሜ ሠሪው ድርሻ እያንዳንዱን በቦታው ማስቀመጥና ወሰኑን ማመልከት ነው። ከእነዚህ የተሻለ ቃል በየአካባቢው የሚያውቁ፣ በተለይም በሐይቆችና በጨፌዎች አቅራቢያ የሚነገረውን አማርኛ የመዘገቡ ባልደረቦች አስተያየታቸውን ቢልኩልን፣ ዝርዝሩን እያረምን እንቀጥላለን።